ይጁቤ፤ ገበያው፣ ጓዳውና እንግዳው ምግብ

የአገር ታሪክ ሲጻፍ ንጉሥ የነገሠበት ዘመን፣ ጦር የተዋጋበት ሜዳ፣ ቤተ ክርስቲያን የታነጸበት ዓመት በጥንቃቄ ይመዘገባል። የነገሠውም፣ የተዋጋውም፣ ያነጸውም ሰው ጧት ምን ቀምሶ እንደ ወጣ፣ ማታ ሲመለስ ምን እንደ ቀረበለት ግን የሚጽፍ ከስንት አንድ ነው። ጸሐፊዎቻችን ይህን የተዉት ንቀው ብቻ አይመስለኝም፤ የጓዳ ነገር ዱሮም የነበረ፣ ወደ ፊትም ሳይለወጥ የሚኖር መስሎ ስለ ታያቸው ነው። እናት ለልጇ ያስተማረችው ወጥ አያት ለእናት ያስተማረችው ነው፤ እንዲህ እየተባለ ወደ ኋላ ቢቆጠር እስከ ንግሥተ ሳባ የሚዘልቅ ይመስላል። ዳሩ ግን በጎጃም ደጋ፣ በባሶ ሊበን ወረዳ የምትገኘውን የይጁቤን ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ጓዳም እንደ ቤተ መንግሥት እንግዳ የሚገባበት፣ ክርክር የሚነሣበት፣ አንዱ ተሽሮ ሌላው የሚሾምበት ስፍራ መሆኑን ይረዳል።

ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወስደው ቁልቁለት አጠገብ ትገኛለች፤ የጁቤ እያሉ የሚጽፏትም አሉ። ዛሬ ለሚያያት መንገደኛ የወረዳ ከተማ ናት። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ግን «የባሶ ገበያ» ሲባል ከእናርያ እስከ ምጽዋ በሚመላለሱ ነጋዴዎች ዘንድ ዝናዋ የተሰማ ነበር። በገበያነት ከደብረ ማርቆስ ትቀድማለች፤ ደብረ ማርቆስን መንቆረር በሚባለው ስሟ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቆረቆሯት በ1845 ዓ.ም. ገደማ ነውና። በሊሙ እናርያ ከሰቃ ገበያ የተነሣው ነጋዴ ጉድሩ ሲደርስ አሰንዳቦ ላይ ያርፍና፣ ዓባይን ተሻግሮ አቀበቱን ወጥቶ ይጁቤ ይገባል። ከይጁቤም በደሪጣና በይፋግ አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም በዓድዋ በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከደቡብ የሚመጣው ጭነት ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ ጨርቅና አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው ገንዘብም ምግብም ስለ ነበረ፣ የቸገረው ሰው ገንዘቡን ፈጭቶ ወጡ ውስጥ ሊጨምረው ይችል ነበር።

በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን አልፎ ስለ ባልትና ብቻ መናገር እውነቱን ማጉደል ነው። ከዓባይ ማዶ ተማርከው የመጡ ሴቶችና ልጆች በይጁቤ ተሸጠው ወደ ጎንደርና ወደ ባሕሩ ማዶ ተነድተዋል፤ በየጌታው ቤት ወፍጮ ፈጭተው፣ ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው የኖሩም ብዙ ናቸው። በባላባት ቤት «እንዴት ያለ ሙያ ነው» ተብሎ ከተመሰገነው እንጀራ በስተ ኋላ፣ ሌሊት በመጅ ላይ ያጎነበሰች፣ የአገሯ ቋንቋ ሌላ የሆነ ሴት ትኖር እንደ ነበር ማሰብ ይገባናል። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

የገበያውን ሁኔታ አጥብቀው ከመረመሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቻርለስ ቤክ ነው። ይህ ሰው በ1834 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ በኩል ወደ ጎጃም ተሻግሮ፣ በይጁቤ ተቀምጦ የሚሸጠውንና የሚለወጠውን ጻፈ። ጎጃም ሳለም የጋፋትን፣ የጎንጋን፣ የከፋን፣ የወላይታን፣ የጉድሩ ኦሮሞንና የሌሎችንም ሕዝቦች ቃላት ሰብስቦ ወደ አገሩ ሲመለስ አሳተመ። ይህን ሁሉ ቋንቋ ለመሰብሰብ ወደየአገሩ መዞር አላስፈለገውም፤ ተናጋሪዎቹን፣ አንዳንዱን በፈቃዱ ሌላውን በግድ፣ ያመጣቸው ንግዱ ነበር። ከባሶ ገበያ ያገኘውንም ኮረሪማ ወደ እንግሊዝ አገር ወስዶ የመድኃኒት ዕፅ ሊቃውንት እንዲመረምሩት አድርጓል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ከዚህ ኮረሪማ ይጀምራል።

ኮረሪማና ቡና ከአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ በቅሎ፣ በአንድ ነጋዴ እጅ መጡ። ኮረሪማውን የይጁቤ ወይዘሮ ያለ አንዳች ጥርጥር ተቀበለችው። ከበርበሬው ጋር ደለዘችው፤ ቅቤ ስታነጥር ከኮሰረቱና ከአብሹ ጋር ጨመረችው። ከየት እንደ መጣ፣ ያበቀለው ሕዝብ ምን እንደሚያመልክ የጠየቃት የለም። ቡናውን ግን አልነካችውም። ከወንዝ ማዶ መጥቶ በደጃፏ አልፎ ወደ ምጽዋ ሲወርድ ለብዙ ዘመን እያየች ዝም አለች። አንዱን እንግዳ ያስገባች ሴት ሌላውን ከደጅ የመለሰችው ስለ ምንድር ነው?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ቤተ ክርስቲያን ስለ ከለከለች» የሚል ነው፤ ይህም እውነት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደጋው ቡና መጠጣት እንደ ትንባሆና እንደ ጫት የሙስሊሞች ልማድ ተብሎ ይቆጠር ስለ ነበር፣ የጠጣው ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይታማ ነበር። ነገር ግን ክልከላው ስለ ቡና ፍሬ አልነበረም። በዚያው በጎጃም፣ በጣና ዳር የምትገኘው የዘጌ ምድር የገዳም አገር ስትሆን ቡና ታበቅል ነበር፤ በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነውና አቡነ በትረ ማርያም በጸሎታቸው ለሕዝቡ መተዳደሪያ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን እንዳሰጡት ይተረካል። ስለዚህ ዛፉ ርኩስ አልነበረም፤ መሸጡም አላስነቀፈም። ያስነቀፈው ተቀምጦ መጠጣቱ ነው።

ቡና እንደ ኮረሪማ ብቻውን አልመጣም። ጀበናውን፣ ሲኒውን፣ ዕጣኑን፣ የሚጠጣበትን ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ከማን ጋር እንደሚጠጣ ይዞ መጣ። ከዓባይ ማዶ ያለው ኦሮሞ የቡና ፍሬ በቅቤ ቀልቶ ሲበላ ምርቃት አለበት፤ ሙስሊሙም ነጋዴ ቡናውን ሲጠጣ ዱዓ አለበት። ኮረሪማ ግን ድስት ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ የወጡን ስም እንኳ አይለውጥም። እንደ እኔ አስተያየት፣ በይጁቤ ጓዳ ታሪክ ውስጥ ይህ ልዩነት ከሁሉ ይበልጣል፤ በታወቀው ድስት ውስጥ የሚገባ እንግዳ በአንድ ትውልድ ዘመድ ይሆናል፣ የራሱን መቀመጫ ይዞ የሚመጣው ግን ሁለትና ሦስት ትውልድ ደጅ ይጠናል።

ለመጀመሪያው ዓይነት ምስክር የሚሆን ራሱ በርበሬ ነው። ያለ በርበሬ የሐበሻ ወጥ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ቢሆንም በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ስለ ሆነ፣ ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት የኢትዮጵያን ምድር ሊያይ አይችልም ነበር። ነገሥታቱ ዐፄ ዓምደ ጽዮንም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ወጣቸውን ያለዚህ በርበሬ በልተው አልፈዋል ማለት ነው። በቆሎም እንዲሁ ነው፤ በአንዳንድ አገር «የባሕር ማሽላ» መባሉ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ስሙ ራሱ ሲመሰክር ነው። ድንችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ሲሆን ዘመኑም 1850 ዓ.ም. ገደማ ነው ይባላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው ክፉ ቀን በሬው ሁሉ በበሽታ አልቆ ሞፈርና ቀንበር ሲሰቀል፣ በዶማ ተቆፍሮ የሚበቅል ነገር ሁሉ ዋጋው ታወቀ፤ ድንችም መስፋፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ወደ ጓዳ ሲገቡ በአብዛኛው በጾም በር እንደ ገቡ ልብ ይሏል። ሥጋ አራጁ ማን ነው ተብሎ ይጠየቅበታል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። በድንችና በበቆሎ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም። በዓመት ውስጥ የጾሙ ቀን ከፍስኩ ብዙም የማያንስበት ቤት፣ ሽሮው ከሚሰለቸው ባልና ከሚነጫነጩት ልጆች ጋር የምትታገል ሴት፣ አዲስ አትክልት ስታገኝ ብትሞክረው አያስደንቅም። አልጫውም ቀዩም ድንች ወጥ የተወለደው ከዚህ ይመስለኛል። ባለሙያ የተባለች ሴት እንግዳውን ነገር ስትሞክር አገሩ እንደሚያበስለው አታበስለውም፤ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን ጨምራ፣ በምታውቀው መንገድ ትወስደዋለች። ቀድሞ ያልተጻፈ ነገር ስለ ሆነ የመጀመሪያዋን ሞካሪ ስም ማንም አይነግረንም፤ ድንች ወጥ የቀረበለትም ባል መቼም አንድ ቀን «ይህ ደግሞ ምንድር ነው?» ሳይል አልቀረም።

ወደ ቡናው እንመለስ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ማዕርጋቸው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ የሚል ነበር። ከፋ የቡና አገር ናትና፣ የባሶ ገበያ የሚኖረው የቡናው መንገድ በጎጃም እጅ ሲቆይ መሆኑ የተሰወረ አልነበረም። በ1874 ዓ.ም. በጉድሩ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ድል በሆኑ ጊዜ፣ ከዓባይ ማዶ ያለው አገርና ንግዱ ወደ ሸዋ ዞረ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ቡና በይጁቤ በኩል ወደ ምጽዋ የሚሄድበት ምክንያት ፈጽሞ ጠፋ።

ቡናው በይጁቤ ገበያ በተትረፈረፈ ጊዜ ያልቀመሰው ቤት፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጠጪ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. ከግብፅ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ማቴዎስም እስካረፉበት እስከ 1919 ዓ.ም. ባለው ረዥም ዘመናቸው የካህናቱን ጥላቻ በማስወገድ ብዙ እንደ ረዱ ይነገራል። ከቤተ መንግሥት የወጣ ልማድ ወደ መኳንንቱ ቤት፣ ከመኳንንቱም ቤት ወደ ባላገሩ ወረደ። ቡናው ግን መቀመጫውን ይዞ ነው የገባው። ጀበና የሚለውን ቃል በሱዳንም በዐረብ አገርም ታገኙታላችሁ፤ ሲኒ በዐረብኛ የቻይና ዕቃ ማለት ነው። የይጁቤ ሴት ዛሬ ጎረቤቶቿን ጠርታ በተከታታይ የምታቀርባቸው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደግሞ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «በረከት» ከሚሉት የዐረብኛ ቃላት የመጡ ናቸው። ማዕተብ ያሰረች ሴት፣ የገብርኤልን ዕለት በቡና እየዘከረች፣ አያቷ ከደጅ በመለሰችው ነጋዴ ቋንቋ ሲኒዎቿን ትቆጥራለች። ጠቦቱ አልተዋሐደም፣ እርዱም እንደ ተለያየ ነው፤ ቡናውና ቆሎው ግን ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ጎረቤቶች በአንድ ረከቦት ዙሪያ ማስቀመጥ ችሏል። ቡና ጾም ይሽራል አይሽርም የሚለው ክርክር ግን በየሰበካው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከቤት ውጭ የመብላት ነገር ከቡናው የሚቀል አልነበረም፤ እንዲያውም ይብሳል። በጥንቱ ሥርዓት ሰው ከቤቱ ሲርቅ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ ስንቁን ይዞ ይሄዳል፣ ወይም ሲመሽበት ከደረሰበት ቤት ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ድርቆሽ ነበር። (የባሶን ገበያና የሚበጠበጠውን በሶ በስማቸው መመሳሰል ዘመድ ሊያደርጓቸው የሚሞክሩ አሉ፤ ቀልድ ከሆነ ያምራል።) የእግዜር እንግዳን መመለስ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከእንግዳ ላይ የእንጀራ ዋጋ መቀበልም ነውር ነበር። በአደባባይ እንጀራ ቆርሶ መብላትም ለዓይነ ጥላና ለቡዳ መጋለጥ ስለ ሆነ፣ የተከበረ ሰው ሲበላ በነጠላ ይጋረድ ነበር።

ስለዚህ በገበያ የሚበላው ነገር ከምግብ የማይቆጠር መሆን ነበረበት። ቆሎ አፍ ማሟሻ ነው፤ ማንም አይሠውረውም። በጎጃም ደግሞ ግብጦ አለ። ግብጦ መራራና የሚመርዝ ነገር ያለበት ጥራጥሬ ነው፤ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው እየተደፋ እየተለወጠ ለብዙ ቀን ካልቆየ አይበላም። ልጃገረዶች በገበያ በእፍኝ የሚሸጡት ይኸው የብዙ ቀን ትዕግሥት ነው። ሳይበስል እንስሳ የማይደፍረውን ፍሬ ምግብ ያደረገችው ሴት እንደ ኬሚስት ልትቆጠር ይገባት ነበር። ከግብጦና ከዳጉሳ አረቄም ይወጣል።

መጠጡ ከምግቡ ቀድሞ ገበያ ወጣ። በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ወይም ዋንጫ የተደፋበት በር ጠላ ቤት መሆኑን መጽሐፍ የማያነብም ያውቃል። የዚህ ቤት ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት፣ ርስቱም ጥማዱም የቀረባት ሴት ናት። ከባላገር ወደ ከተማ ስትመጣ ይዛ የመጣችው እጇን ነው፤ በቤቷ ለባሏና ለእንግዳ በነጻ ስትሠራው የኖረችውን ሙያ በብር መሸጥ ስትጀምር አገሩ አማት፤ ጠላዋን ግን ጠጣ። ከጠላው ጋር ቆሎ አቀረበች፤ ቆይታም ለአዳሪው ነጋዴ እንጀራና ሽሮ ጨመረች። የምግብ ቤት ታሪክ በአገራችን ከተሞች ሲጻፍ ከእነዚህ ሴቶች መጀመር ይገባው ነበር፤ የሚጀመረው ግን ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው።

እርሱም ቢሆን የሚነገር ታሪክ አለው። እቴጌ ጣይቱ በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊ ገዳም የተማሩ፣ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ባዘጋጁት ግብር ስማቸው የተነሣ ታላቅ ባለሙያ ነበሩ። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴል ሲያሠሩ ግን ችግሩ ወጡ ላይ አልነበረም፤ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን የሚደፍር ሰው ጠፋ። ከዚህም የተነሣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ ራሳቸው በልተው ሒሳቡን በመክፈል ሌላውን አለማመዱ ይባላል። ንጉሥ ግብር አብልቶ የሚከበርበት አገር ነበርና፣ ለበላው ሲከፍል መታየቱ ከአንድ አዋጅ የሚተናነስ ሥራ አይደለም። ሆቴል እንደ ቡና መቀመጫውን ይዞ የመጣ እንግዳ ስለ ነበረ፣ እንደ ቡናው ሁሉ ዘውድ የጫነ ሰው ቀድሞ ሊቀመጥበት አስፈለገ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ደብረ ማርቆስን ይዞ ሲቆይ ሌላ እንግዳ መጣ። ፓስታ፣ መኮረኒ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ የሚሉት ቃላት የየት እንደ ሆኑ ለመናገር አስተማሪ አያስፈልግም። የጎጃም አርበኛ ባለቤቶቻቸውን ከአገር አስወጣ፤ ቃላቱና ምግቡ ቀሩ። ፓስታው በሻይ ቤት በሹካ፣ በቤት ደግሞ በእንጀራ ተጠቅልሎ መበላት ጀመረ፤ ሳልሳውም ከበርበሬው ጋር ተቁላልቶ የጾም ወጥ ሆነ። ሮማዊ ቢያየው ያዝናል፤ የይጁቤ እናት ግን አልተጠየቀችም እንጂ ብትጠየቅ፣ ኮረሪማውንም ድንቹንም ያደረገችው እንደዚሁ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የስዊድን የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ያዘጋጀው ፋፋ ለልጆች ሲቀርብም፣ እናቶች የተቀበሉት በሚያውቁት አጥሚትና ገንፎ መልክ ስለ መጣ ነው።

የመኪናው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዘልቅ ይጁቤን ወደ ጎን ተዋት። ከአቀበቱ የወጣው መንገደኛ ቁርሱን የሚበላው ደጀን ሆነ፤ ጥብሱ፣ ሻዩ፣ የሾፌሮች ጫጫታ ሁሉ እዚያ ቀረ። ዱሮ የእናርያ በቅሎ ጭነት ይራገፍባት በነበረችው በይጁቤ፣ በገበያ ቀን የሚበላው በአመዛኙ የዙሪያው ባላገር ነው፤ ጤፉን ሸጦ፣ አሞሌ ሳይሆን ብር ቆጥሮ፣ ጣሳ ከተደፋበት ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ባለቤቲቱ ግብጦ በሰፌድ ታቀርብለታለች። ጀበናው በእሳት ላይ ነው፤ አቦሉ ገና አልወረደም።